እጅ የማይደርስበት ጆንያ

በርበሬ የሚሸምት የጎጃም ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ዛላ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰድና ከታች ያለውን ጨብጦ ያወጣል። አንዱን ዛላ ሰብሮ ያሸታል፤ ሌላውን ከጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል። የደረቀ በርበሬ ፍሬው ይንሿሿል። ውሃ የተርከፈከፈበት ግን ድምፅ የለውም፤ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ደርሶ ይሻግታል። «አያ፣ ታቹን ልየው» ሲባል ሻጩ አይቀየምም። በርበሬ የገበሬው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ በሆነባቸው በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በወንበርማ ታቹን ማየት የገዥ ደንብ ነው።

እጅ ግን ሁሉም ጋ አይደርስም። የታሸገ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አይገባም። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ቢገባም የጨበጠው ነጭ ፍሬ ዩሪያ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። ለታመመ፣ ለተፈናቀለ፣ ወላጅ ለሌለው ሕፃን ተብሎ የተሰጠ ብርም ከሰጪው መዳፍ ከወጣ በኋላ የት እንደገባ አይዳሰስም። እዚህ ላይ በገዥውና በሰጪው ፈንታ ታቹን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የዛሬው ሕግ ይህን ሥራ በመጨረሻ የሚጥለው በዐቃቤ ሕግ ላይ ነው። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሸማቹን ከአታላይ ነጋዴ መጠበቅና የበጎ አድራጎት ገንዘብን መከታተል ብዙ ጊዜ በአንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። በምዕራብ ጎጃም ሁለቱ ሥራዎች ወደ ዐቃቤ ሕግ ደጅ የደረሱት በየራሳቸው መንገድ፣ እጅግ ዘግይተው ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ዐቃቤ ሕግ የሚባል ሹም ከመኖሩ በፊት ነው።

ነጋድራስ፣ ሙሴና ገበዝ

በ19ኛው መቶ ዘመን ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር በኩል የሚወርደው የሲራራ ንግድ ጎጃምን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ይዘልቅ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጋር ባሶ ገበያ ላይ ይገናኛል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በዚያ ገበያ ገዥውን የሚጠብቀው የገዛ ዓይኑ ነው። አሞሌው በመንገድ ዝናብ ቀምሶ፣ ጠርዙ ተሸርፎ እንደሆነ ያገላብጠዋል። የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ይቆጥራል፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ይመረምራል፤ የፈዘዘውን ይመልሳል። ብሩ ላይ የተቀረጸው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ነው። ገበሬው ቁጥሩን ባያነብም ነጥቡን ያውቅ ነበር።

ከገበያው በላይ ነጋድራሱ አለ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ኬላ ላይ ቀረጥ ይሰበስባል፣ በነጋዴዎች መካከል የተነሣውን ክርክር ይዳኛል። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው መያዙ ለጊዜው ይመች ነበር፤ መንገዱን የሚያውቅ፣ ነጋዴውን በስሙ የሚጠራ ዳኛ ይገኛል። ነገር ግን ዳኛው የሚኖረው ከሚዳኘው ነጋዴ በሚያገኘው ቀረጥ ነው። ቁና ያጎደለበትን ነጋዴ የሚከስ ድሃ ገዥ ነጋድራሱ ፊት ቢቆም፣ የዳኛው እንጀራ ከማን ጓዳ እንደሚመጣ ያውቃል። «ጠባቂው ከማን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ተወለደ። በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ንጉሥም ሆነ ደርግ፣ ይህን ጥያቄ በየራሱ መንገድ መልሶታል።

ምጽዋት ደግሞ የራሱ ጠባቂዎች ነበሩት። የጽዋ ማኅበር ሙሴ የሚባል አለቃ አለው። የሰንበቴው ድግስ ተራ በሁሉም ፊት ይታወቃል። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ገበዙ ይይዛል። ሙዳየ ምጽዋቱ በደጀ ሰላም ቆሞ ሰው ሁሉ ያየዋል። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ምጽዋትና ስለ ሽያጭ በየአንቀጹ ይናገራል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲያነቧቸው ኖረዋል። የማኅበሩን ገንዘብ የበላ ሰው ወኅኒ ከመውረዱ በፊት ግዝት ያገኘዋል፤ ከግዝቱም በፊት ጎረቤቱ ሰላምታ ይነሣዋል። ይህ ቁጥጥር የሚሠራው ሰጪው፣ ተቀባዩና ገንዘብ ያዡ በአንድ ደብር ጥላ ሥር እስከኖሩ ድረስ ነበር።

ከነገረ ፈጅ ወደ ዐቃቤ ሕግ

በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ግዛቱ ተከፋፈለ፤ ውሎ አድሮም ልጃቸው ራስ ኃይሉ የጎጃም ገዥ ሆኑ። ራስ ኃይሉ ግዛት ብቻ አልነበራቸውም፤ ራሳቸውም ትልቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በግብርና በቀረጥ አሰባሰባቸውም የታወቁ ናቸው። ገዥው ራሱ ነጋዴ በሆነበት አገር ገበሬው የገበያ በደሉን ለማን ይናገር? አዲስ አበባ ላይ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ፍርድን፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ንግድን ይዘው ነበር። ፍርድና ንግድ ቢያንስ በሹመት ወረቀት ላይ ተለያዩ። በምዕራብ ጎጃሙ ዳሞት ውስጥ ግን ይህ መለያየት እስኪታይ ድረስ ዓመታት አለፉ። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው ራስ እምሩ ጎጃምን ተሾሙ፤ የጣልያን ወረራም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ ገቡ። የእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት ጦርና አርበኞች ከበላያ ተራራ ወርደው ጣልያንን ከቡሬ ያስለቀቁት በየካቲት መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ደምበጫ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ ተያዙ። በቡሬና በደምበጫ መካከል፣ የነጻነቱ ጦር ባለፈበት መንገድ ላይ፣ ወጀት የምትባል ቦታ አለች፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ። መንገድ ላይ የበቀለች፣ ስሟም መንገድ የሆነ ከተማ ናት። ነጋዴው፣ ሹሙና ወታደሩ የሚያልፉባት በመሆኗ ሕግም በኋላ የገባው በዚያው መንገድ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አዋጆች መካከል አንዱ የመንግሥት ዐቃብያነ ሕግን የሚያቋቁም ነበር። ከዚያ በፊት በችሎት የሚታወቀው ነገረ ፈጁ ነው፤ ለባለጉዳይ ተከራክሮ የሚኖር፣ ምሳሌና ተረት እየመዘዘ ዳኛውን የሚያሸንፍ አንደበተኛ። ዐቃቤ ሕግ የሚለው ስም ከግዕዝ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «የሕግ ጠባቂ» ማለት ነው። ገበሬው ግን ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው ሕጉ የማን እንደሆነ ነው። በዱላ ለተፈነከተ ሰው መንግሥት ከሳሽ ሊሆን እንደሚችል ቀስ በቀስ ገባው። ቁና ለጎደለበት ሰው መንግሥት ይከሳል ብሎ ግን ማንም አልጠበቀም።

ሕጎቹ መጡ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔርና የንግድ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። የወንጀለኛ መቅጫው ስለ ማታለል፣ ስለ እምነት ማጉደልና ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ይናገር ነበር። የፍትሐ ብሔሩ ማኅበራትን፣ ለበጎ ሥራ የሚተው ንብረትን፣ ሌላው ቀርቶ ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ኮሚቴዎችን ሳይቀር ይደነግጋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሜትሪክ ሚዛን በአዋጅ ገባ። ኪሎና ኩንታል ከቁና፣ ከዳውላና ከፈረሱላ ጎን ቆሙ እንጂ አላባረሯቸውም። ቁና በየአውራጃው ይለያያል፤ የገዥውም ብልሃት የትኛው ቁና የማን እንደሆነ ማወቅ ነበር። ማኅበራት ደግሞ አገር ውስጥ ግዛት ሚኒስቴር ዘንድ እንዲመዘገቡ ተደረገ። ይህ ምርጫ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። መንግሥት ማኅበርን ያየው በጸጥታ ዓይን ነበር፤ ለማን ተሰበሰበ፣ በማን ተበላ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነበር።

የ1960 ጥርጣሬ

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ። ግብሩ በሰብሉ መጠን የሚተመን ስለነበር ገማቾች ወደ ገጠር ወጡ። የጎጃም ገበሬ ግን መሬት የሚገምት ሰው ሲያይ ቀላድ ታየው፤ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ሊነጠቅ ነው አለ። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመጹ። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአየርም ደበደበ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሥተው በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተሾሙ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

ይህ የግብር አመፅ ተብሎ ይታወቃል፤ ለእኛ ትረካ ግን የመለኪያ አመፅም ነው። ሰው መለኪያውን ያልያዘው ወገን ሲለካው ምን እንደሚሰማው ዳሞት በጠመንጃ ተናገረ። ከምሬቱ መነሻዎች አንዱ ደግሞ ከግብሩ በላይ በልዩ ልዩ ስም የሚጠየቀው ገንዘብ ነበር። መዋጮ ተብሎ የተጠየቀ፣ ግን እምቢ ማለት የማይቻልበት ገንዘብ ምጽዋትም ግብርም አይደለም፤ ሂሳቡን የሚጠይቅ ባለቤትም የለውም። ከዚያ ወዲህ በጎጃም ገጠር «መዋጮ» የሚለው ቃል ሲነሣ ሰው መጀመሪያ ሰብሳቢውን ያያል።

ሸምቶ አደር

«ሸማች» የሚለው የሕግ ቃል ሥሩ ሸመታ ነው፤ እህል ከገበያ መግዛት። በገበሬው ቤት ሸምቶ አደር መባል ጎተራው ባዶ መሆኑን በአደባባይ መስማት ነው። ጤፍ አምራቹ የዳሞት ገበሬ ሸማች ነህ ቢባል ይቀየማል። ደርግ ግን አምራቹን ሸማች አደረገው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር በተቆረጠ ዋጋ የሚያስረክበው ኮታ ተመደበለት። ትርፍ አምራች በነበሩት በጎጃምና በአርሲ እገዳው ከሌላው የጠነከረ ነበር፤ የግል ነጋዴው እህል ከክፍለ ሀገሩ እንዳያወጣ ተከለከለ። የነጋድራሱ ኬላ በሌላ መልክ ተመለሰ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ወርዶ ይፈተሻል፤ ለዘመድ የያዘው ጥቂት ኪሎ ጤፍ የኢኮኖሚ አሻጥር ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ዕቃ መደበቅ ከአብዮት ጠላትነት ተቆጠረ። ጉዳዩን የሚያዩ ልዩ ፍርድ ቤቶች ነበሩ፤ ቅጣታቸውም የከበደ ነበር።

ለከተማው ሰው ይህ ሁሉ የተደረገው በሸማቹ ስም ነው። የቀበሌ ሱቅ ተከፈተ፤ ስኳርና ሳሙና በካርድ ታደለ፤ ወረፋ የቀኑ ሥራ ሆነ። የገጠሩ ሰው ያየው ሌላ ነው። ምርቱ ሳይሞላለት የቀረ ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ራሱ ገበያ ወጥቶ፣ በነጻ ገበያ ዋጋ ሸምቶ፣ በመንግሥት ዋጋ አስረከበ። ሸምቶ አደር የሚለው ስድብ በአዋጅ ተፈጸመበት። የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ በዚያን ጊዜ ዋጋ ጠበቀ፤ ዋጋውን የቆረጠውና ትልቁ ገዥ ግን ያው መንግሥት ነበር። ነጋድራሱ ከነጋዴው በላ፤ ደርግ ደግሞ ራሱ ነጋዴ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሸማቾች ጥበቃ መመሪያዎችን አጸደቀ፤ ደኅንነት፣ መረጃ፣ ምርጫና ካሳ የሚሉ መብቶችን ለዓለም አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በረሃብ እየረገፈች ነበር። የዓለም ምጽዋት በመርከብና በአውሮፕላን መጣ። አከፋፋዩ በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንና ከጎኑ የቆሙ ድርጅቶች ነበሩ። ከሰሜን የተነሡ ሰፋሪዎች ያን ጊዜ በጎጃም ሥር ወደነበረው ወደ መተከል፣ ወደ ፓዊ ተጓዙ። ለንደን ሳንቲም የጣለ ልጅና ፓዊ ላይ ስንዴ የተቀበለ አባት አይተዋወቁም። በደጀ ሰላም ይሠራ የነበረው የዓይን ቁጥጥር በዚህ ርቀት ላይ ከንቱ ነው፤ የዘመናችን የበጎ አድራጎት ቁጥጥር ጥያቄም የመጣው ከዚህ ርቀት ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ። ጤፍ እንደገና በነጻ ተጓዘ። ገበሬውም እጁን እንደገና ወደ ጆንያው ሰደደ።

የሕጎቹ ዘመን

በ1984 ዓ.ም. የአማራ ልማት ማኅበር፣ ማለትም አልማ ተመሠረተ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለመሥራት ከአባላት መዋጮ ይሰበስብ ጀመር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸውን ፍትሕ ቢሮ አደራጁ፤ ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆና ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የዐቃብያነ ሕግ ጽሕፈት ቤት ያዘች። አዲስ አበባ ላይ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን የሚመዘግበው ፍትሕ ሚኒስቴር ነበር። ይህ ሥልጣን ምን ያህል ስለት እንዳለው በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ታየ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰባትን የአንዲት ሴት ጉዳይ አያያዝ በአደባባይ ሲተች ሚኒስቴሩ ማኅበሩን አገደ፤ እግዱ የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። የተመርማሪው ድርጅት ጥፋት መርማሪውን መተቸት ከሆነ «ጠባቂው ከማን ይበላል?» ወደ «ጠባቂውን ማን ይናገረዋል?» ይለወጣል።

በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ለፍትሕ ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነ ኤጀንሲ ተቋቋመ። አዋጁ ሁለት ነገር አዝሎ ነበር። አንደኛው አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ነው፤ ለሰጪው የቆመ ይመስላል። ሁለተኛው በሰብዓዊ መብት ሥራ ላይ የተሰማራ የኢትዮጵያ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ነው፤ ይህ ለማን እንደቆመ ብዙ አከራከረ። ወጪ መቁጠር የሰጪ ጥያቄ ነው፤ ድምፅ መቁጠር ግን የመንግሥት ጥያቄ ነበር። ሁለቱ በአንድ አዋጅ ታስረው ስለመጡ ብዙ ድርጅቶች የመጀመሪያውንም በጥርጣሬ ተቀበሉት።

የገበያው ሕግ ጎን ለጎን መጣ። በ1995 ዓ.ም. የንግድ አሠራር አዋጅ፣ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ደግሞ ሸማች የሚለውን ቃል በርዕሱ የያዘው አዋጅ ቁጥር 685 ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ከወራት በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። የደርግን ወረፋ ያስታወሰ የቡሬ ባለሱቅ ነገሩ አዲስ አልሆነበትም። በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813 ቀደም ያለውን ተካ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት፣ የመምረጥ፣ ዕቃ ስላየ ብቻ ለመግዛት ያለመገደድ፣ በትሕትና የመስተናገድና ካሳ የመጠየቅ መብት አለው ተባለ። ባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥ፣ በሚዛን ማጉደልና በማስታወቂያ ማሳሳት ተከለከለ። ክልሎችም የሸማች ጉዳይ የሚያይ የራሳቸውን አካል እንዲያቋቁሙ በር ተከፈተ። ዕቃ አይቶ ያለመግዛት መብት ለጎጃም ሰው አዲስ አልነበረም፤ ካሳ የሚለው ግን አዲስ ነበር።

675 እና 692

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሁለት አንቀጾች አሉት፤ የእነዚህ ሁለት ሥራዎች አንጓ በእነሱ ውስጥ ይገኛል። አንቀጽ 692 ማታለል ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሰውን ገንዘብ መውሰድ። አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ነው፤ በአደራ የተቀበሉትን ለራስ ማድረግ። አታላይ ነጋዴ በመጀመሪያው፣ የምጽዋት ገንዘብ የበላ ገንዘብ ያዥ በሁለተኛው ይከሰሳል። ሕጉ «እምነት ማጉደል» የሚል ስም መምረጡ ከሰው ንግግር የተቀዳ ያስመስለዋል። እምነት ልክ እንደ እህል የሚጎድል ነገር መሆኑን ቁና ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንቀጽ ማወቅ ግን ክስ ማሸነፍ አይደለም። እንበልና የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኘ፣ ወይም ቅቤ ውስጥ ሙዝ። ፖሊስ ወይም የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናው በምስክር ፊት ታሽጎ፣ ተፈርሞበት ወደ ምርመራ ይላካል። ቤተ ሙከራው ያለው ሩቅ ከተማ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ቀሪው ዕቃ ተበልቶ አልቋል። ሻጩ «ከጅምላ ነጋዴ ነው የተረከብኩት» ይላል፤ ደረሰኝ የለም። ጅምላ ነጋዴው ከሌላ ወረዳ ነው። ምስክር ለመሆን የተጠራችው ገዥዋ ሴት ደግሞ ሻጩ የልጇ የክርስትና አባት ነው። «የእኔ ልጅ፣ በእሱ ላይ እንዴት ልናገር?» ትላለች ወጣቱን ዐቃቤ ሕግ። እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በሽማግሌ እጅ ያልቃል፤ ሻጩ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ገንዘቧን ይመልሳል። እሷ ተካሰች። ያው ዱቄት በሌላ ገበያ ለማያውቃት ሴት ሲሸጥ የሚያግደው ግን የለም። የሽማግሌ እርቅ ለታወቀ ተበዳይ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የሚቆመው ለማይታወቀው ተበዳይ ጭምር ነው።

የምጽዋት ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የተታለለ ሸማች ቢያንስ ዕቃው በእጁ አለ። ሰጪ ግን በእጁ የያዘው ነገር የለም፤ መታለሉንም አያውቅ ይሆናል። ቢያውቅም «ለእግዜር ብዬ የሰጠሁት ነው፣ እሱ ይጠይቀው» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ተበዳይ ሳይመጣለት መዝገብ መክፈት አለበት። ምስክሩ ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው፤ ቃለ ጉባኤ፣ የባንክ መግለጫ፣ የደረሰኝ ጉርድ፣ የግዢ ሰነድ። ደረሰኝ መቁረጥ ባልለመደ አገር ይህን መሰብሰብ ከረጠበ ዛላ ውስጥ ድምፅ እንደመፈለግ ነው።

አንድ መዝገብ፣ ብዙ ደጅ

በ2008 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943 ተቋቋመ። ቀደም ሲል በፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ በገቢዎችና ጉምሩክ፣ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ተበትኖ የነበረው የመክሰስ ሥልጣን በአንድ ደጅ ተሰበሰበ። በ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የ2001ዱን ሻረ። የ10 በመቶው ገደብ ቀረ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ ድርጅቶቹን የሚመዘግበው አዲሱ ኤጀንሲም ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተጠሪ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ያህል የሸማቹ ክስና የምጽዋት ቁጥጥር፣ ቢያንስ በፌዴራል ደረጃ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚለው ስም ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመለሰ፤ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣኑም ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ንግድን የሚያስፋፋውና ሸማቹን የሚጠብቀው እንደገና አንድ ቤት ገቡ። የነጋድራሱ ጥላ አልሸሸም።

የ2011ዱ አዋጅ ዕድርን፣ ዕቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን ከወሰኑ ውጭ ተዋቸው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ብዙው ሰው ገንዘቡን የሚያዋጣው ግን ለእነዚሁ ነው። ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሂሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ያልገባው ሰው ተነሥቶ ይጠይቃል። የሕጉ ሰዎች ዕድርን የተዉት ራሱን የሚጠብቅ ነገር ነው ብለው ይመስላል፤ በአብዛኛውም አልተሳሳቱም።

በ2013 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። ቡሬ ላይ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የምግብ ዘይት የማምረት አቅም ያለው የፌቤላ ፋብሪካ ተመረቀ፤ ከተማዋ ከጥሬ እህል ገበያ ወደ ታሸገ ምርት ተሻገረች። በዚያው ዓመት በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፈው ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ኑግ በጣት ተፈትጎ፣ በርበሬ ተሰብሮ ይታይ ነበር፤ የታሸገ ዘይት ግን የሚታየው በወረቀቱ ነው። ምርቱ ደህና ይሁን አይሁን ገዥው በጣቱ አያውቅም፤ የሚያምነው ጽሑፉን፣ ጽሑፉን የሚያረጋግጠውን ተቆጣጣሪና ተቆጣጣሪው ሲሰንፍ የሚከሰውን ሰው ነው። ቴሌብር በበኩሉ ሙዳየ ምጽዋቱን ስልክ ውስጥ አስገባው። አንድ የታመመ ልጅ ፎቶና አንድ ቁጥር በሰዓታት ውስጥ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ይደርሳል። ልጁ እውነተኛ ቢሆን ይድናል። ፎቶው የተሰረቀ ቢሆን ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ ሕመምተኛ ረዳት ያጣል፤ ሰው አንዴ ከተታለለ መዳፉን ይጨብጣልና።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጣ። ዘር ሊያልፍበት ሲል ባሕር ዳር ድረስ ወጥቶ ጮኸ። ማዳበሪያ መንግሥት አስመጥቶ በኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያከፋፍለው ሸቀጥ ስለሆነ ገበሬው ሌላ ሻጭ የመምረጥ ዕድል አልነበረውም፤ የሸማቾች አዋጁ ያወጀው የመምረጥ መብት እዚህ ላይ ባዶ ሆነ። ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ በተባባሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ድብደባ ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆየ፤ በብዙ ወረዳዎች የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሥራ ተቋረጠ። ናሙና የሚወስድ ተቆጣጣሪ በማይንቀሳቀስበት፣ ችሎት በማይሰየምበት ቦታ 692ም 675ም መጽሐፍ ውስጥ ይቀራሉ።

ገበያ ግን አልቆመም። ሰው እንደ ድሮው ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያ ውስጥ ይሰዳል፤ ዛላ ሰብሮ ያሸታል። ቤቱን ጥሎ ለመጣ ጎረቤት ብር ሲዋጣም ገንዘብ ያዡ ተቀብሎ፣ ጸሐፊው በደብተር አስፍሮ፣ ሌሎቹ እያዩ ይቆጠራል። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ የሚጠብቀው መዝገብ የታሸገው፣ የራቀውና በስልክ ያለፈው ነው። እነዚያን ለመክፈት የሚያስፈልገው ሥነ ሥርዓት ግን ከዚህ ደብተር ብዙ አይርቅም፤ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ሲቆጠር አየ።